ከምድጃው በላይ የተሰቀለው በቆሎ

እስካሁን ባቆየኝ፣ አሁንም ሊወስደኝ ደጄ ላይ በቆመው በአንዱ አምላክ ስም።

እኔ ዲሪቤ አራርሳ፣ የክርስትና ስሜ ወለተ ሐና፣ የሟች ደበሳ ሚስት፣ ዕድሜዬ አርባ ስድስት፣ በመቱ አጠገብ ከሶር ወንዝ ወዲህ ባለው ቤቴ ተኝቼ ይህን ቃል እናገራለሁ። ቀኑ ማክሰኞ መጋቢት ፲ ቀን ፲፱፻፴፪ ዓመተ ምሕረት፣ ዘመነ ዮሐንስ ነው። ድሮ ሰነድ ሲጻፍ የንጉሡ ስም ይቀድም ነበር። ዛሬ በመቱ የተሰቀለው ባንዲራ የማን እንደ ሆነ ሁላችሁም ታያላችሁ። ስለዚህ የወንጌላዊው ስም ይበቃኛል።

እግሬ አብጧል፣ ውሃው ወደ ሆዴ ወጥቷል፣ ተጋድሜ መተንፈስ አቅቶኝ ግድግዳ ተደግፌ ነው የምናገረው። አእምሮዬ ግን ደህና ነው። ምስክሮቹም ፈትነውኛል። የነፍስ አባቴ መምሬ ጅራታ የጾሙን ሳምንት ጠየቁኝ፤ ምኩራብ ነው ብዬ መለስኩ። ጎረቤቴ ሻሽቱ ደግሞ "በማሳችን መካከል ያለው የውሃ ቦይ የማን ነው?" አለችኝ። "የእኔ ነው" ስላት፣ "አእምሮዋ ደህና ነው፣ እንደ ጥንቱ ደረቅ ናት" ብላ መሰከረች። ሦስተኛው ምስክር በመቱ ገበያ ጨው የሚሸጠው ነዚፍ አባስ ነው። ሃይማኖቱ እስልምና ነው፤ ለምን እንደ ጠራሁት ወደ ታች ይታወቃል።

ቃሌን የምትጽፈው ልጄ ኡርጌ ናት። ነዚፍ "እትዬ ዲሪቤ፣ ወራሽ የሚጽፈው ኑዛዜ የት አገር አይተዋል?" ብሎ ተቃውሟል። እውነቱን ነው። ነገር ግን መምሬ ያነባሉ እንጂ አይጽፉም፤ ነዚፍ የሚያውቀው የዓረብ ፊደል ነው፤ ሻሽቱ የምታውቀው የሰው ገመና ብቻ ነው። ሻሽቱ "ይህም ይጻፍ?" ብላለች፤ ይጻፍ። የመቱው ጸሐፊ ለጣሊያን የሚጽፍ ስለ ሆነ የቤቴን ነገር እንዲያውቅ አልፈልግም። የእኔ እጅ እንዲህ ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ኡርጌ ትጻፍ፤ መምሬ በየመሥመሩ ጮክ ብለው ያንብቡ፤ በመካከል የተባለውም እንዳለ ይግባ ብዬ አዝዣለሁ።

ኡርጌ ከዳሪሙ ሁለት ቀን በእግሯ ተጉዛ ትናንት ገባች። እዚያ የምትኖረው ከመምህር ዶሪ ተከታዮች ጋር ነው። መታመሜን ሰምታ በመምጣቷ አመሰግናታለሁ። ቅዳሜ እመለሳለሁ ብላኛለች።

አንደኛ፤ ሥጋዬ በባሌ በደበሳና በልጄ በኩምሳ መካከል ይቀበር። መካከሉ ጠባብ ነው፤ እኔም ከስቻለሁ፣ ይበቃኛል። ድግስ አይደገስ።

ሁለተኛ፤ ላሜን ለሻሽቱ ሰጥቻለሁ። የውሃ ቦዩም የእርስዋ ነው። ሃያ ዓመት የተጨቃጨቅንበት ቦይ የባሏ አባት የቆፈረው እንደ ነበር መጀመሪያም አውቅ ነበር። ሻሽቱ ይህን ስትሰማ "ምነው በጤናሽ ብትነግሪኝ! አሁን በማን ላይ ልጩህ?" ብላ አልቅሳለች።

ሦስተኛ፤ ወረቀቶቼ። በሣጥኑ ውስጥ በቆዳ የተጠቀለሉ ሠላሳ የሚያህሉ ቁራጮች አሉ። ወጣት ሳለሁ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ጥጥ እየፈተልኩ፣ ከውስጥ ልጆቹ ፊደል ሲቆጥሩ ድምፁን በጆሮዬ ያዝኩ። መልኩን ያገኘሁት ግን በነዚፍ ሱቅ ጨው ከሚጠቀለልበት ወረቀት ላይ ነው። የማላውቀውን ፊደል በመምሬ ፊት በአመድ ላይ ጽፌ እጠይቃቸው ነበር፤ እርሳቸውም ለምን እንደ ሆነ ሳይጠይቁ ይነግሩኝ ነበር። በዚህ መንገድ ማንበብ እስክችል ስድስት ዓመት ፈጀብኝ። ጎሬ በጣሊያን በተያዘ ዓመት ከተዘረፉ መጻሕፍት የተቀደደ ወረቀት ለመጠቅለያ ይሸጥ ጀመር። ነዚፍ የክርስቲያን መጽሐፍ ከመሰለው ጨው አይጠቀልልበትም፤ ለይቶ ያስቀምጥልኛል። ከእነዚያ አንዱ የወንጌል ገጽ ነው። የጌታ መምጫ ቀንና ሰዓት ከአብ በቀር በማንም፣ በሰማይ መላእክት እንኳ እንደማይታወቅ የሚናገረው ገጽ ነው። ወረቀቶቹ ሁሉ ለኡርጌ ናቸው። ፊደል ያስተማርኳት በእነርሱ ነው።

አራተኛ፤ ከምድጃው በላይ ከቆጡ ላይ የተሰቀለው የዘር በቆሎ። ስለዚህ ብዙ እናገራለሁ፣ ታገሡኝ።

በእኛ አገር ዘር የምትጠብቅ የቤቱ ሴት ናት። ባል በሬውን ይሸጣል፣ ማሳውን ለእኩል አራሽ ይሰጣል፤ ቆጡ ላይ ያለውን ግን ሚስቱ ሳትፈቅድ አይነካም። ጭሱ ከነቀዝ ይጠብቀዋል፣ እርስዋ ከሰው ትጠብቀዋለች። ይህን ሥራ ያስረከበችኝ አማቴ ተጂቱ ናት። በገባሁ በሦስተኛው ዓመት ወደ ምድጃው ወሰደችኝና "ከዛሬ ጀምሮ ያንቺ ነው። እኔ ራሴ ርቦኝ ብለምንሽ እንዳትሰጪኝ" አለችኝ።

በ፲፱፻፴ ዓመተ ምሕረት በጥር ወር መምህር ዶሪ ወደ አገራችን መጣ። ከየት እንደ መጣ የሚያውቅ አልነበረም። ወንዶቹ ገሚሱ ሞተው ገሚሱ ጫካ ገብተው፣ ካህናቱ ተበትነው፣ ሰው ሁሉ "ስምንተኛው ሺ ይኸው" የሚልበት ጊዜ ነበር። ዶሪ ድምፁ ያማረ፣ በጾም የበረታ ሰው ነው፤ ይህን አልክድም። በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ መጽሐፍ ይይዝ ነበር፤ ሲገለጥ ግን አላየንም። "አውሬው ጎሬ ገብቷል፤ የቀረው የጌታ መምጣት ብቻ ነው" አለን። ቀኑንም ነገረን፤ ከፋሲካ ቀጥሎ ያለው እሑድ፣ የሚያዝያ ጊዮርጊስ፣ በእኩለ ቀን። ከዚያም "ታዲያ ለማን ትዘራላችሁ? የሚዘራ ሰው አላመነም፤ ወደ ኋላ ያየች የሎጥ ሚስት ነው" አለ። ዘሩ ሁሉ ለፋሲካ ተቀቅሎ በአንድነት እንዲበላ አዘዘ። ልማዳችንን ያውቅ ነበርና ወንዶቹን አልጠየቀም። "ሴቶቹ በገዛ እጃቸው ያውርዱት" አለ።

በዚያ ጉባኤ "የሚጠራጠር ካለ ይነሣ" ብሎ ዙሪያውን ሲመለከት፣ የወንጌሉ ገጽ በብብቴ ነበር። አልተነሣሁም። ሴት ነኝ፣ ፊደል ከጨው መጠቅለያ የለቀምኩ ነኝ፣ ማን ይሰማኛል አልኩ። ትሕትና ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ስሙን አውቄዋለሁ፤ ፍርሃት ነው።

ደበሳ ቤት ገብቶ "ዲሪቤ፣ ዘሩን አውርጂ" አለኝ።

"ዝናቡ ጀምሯል እኮ። መሬቱ ረጥቧል።"

"ለማን ነው የምትዘሪው?"

"ለኩምሳ። ለኡርጌ።"

"እነርሱማ ከእኛ ጋር ይሄዳሉ። አንቺ ሴት፣ በሰው ፊት ታዋርጂኛለሽ?"

ደበሳ ክፉ ሰው አልነበረም። ሃያ ዓመት አብሬው ስኖር እጁን አላነሣብኝም። ያን ቀንም ቢሆን ወደ ቆጡ አልወጣም፤ ቆሞ ጠበቀኝ። መሰላሉን አቁሜ የወጣሁት እኔ ነኝ፤ የፈታሁትም እኔ ነኝ።

በተባለው እሑድ ከሶር ማዶ ባለው ኮረብታ ላይ ነጭ ለብሰን ቆምን። ኡርጌ፣ አንቺም ነበርሽና የተሳሳትኩት ካለ አርሚኝ ብያታለሁ፤ እስካሁን አላረመችኝም። ከጧት ጀምሮ ዝናብ ነበር። ቀትር አለፈ። ሕፃናቱ ከንፈራቸው ጠቁሮ ይንቀጠቀጡ ጀመር። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ዶሪ "ከመካከላችሁ ዘር የደበቀ አለ፤ ጌታ በዚያ ምክንያት ፊቱን መለሰ" ብሎ ጮኸ። ጥቅልሎቻችን ሁሉ ተፈተሹ። በአማቴ በተጂቱ መቀነት ውስጥ አንድ እፍኝ በቆሎ ተቋጥሮ ተገኘ።

"እነሆ ጌታን ያስቀረችው!" አለ።

ተጂቱ ሰባ ዓመት አልፏት ነበር። አልደነገጠችም። "ለልጅ ልጆቼ የቋጠርኩት ነው። ጌታ ቢመጣ እዚሁ እጥለዋለሁ፤ ቢዘገይ ይዘራል። በዚህ ይቆጣል?" አለች።

ሰው ጭቃ ወረወረባት። የወለደችው ደበሳ ፊቱን አዞረ። ወደ እኔ አየች። ገጹ አሁንም በብብቴ ነበር፤ እኔም ፊቴን አዞርኩ። ቋጠሮዋን ይዛ ብቻዋን ቁልቁለቱን ወረደች። ከዚያ ወዲያ በሕይወቷ አላየኋትም።

ከዚህ በኋላ ያለውን ነዚፍ ይናገር ብዬ ነበር፤ እንዲህ ብሏል፦ "እማማ ተጂቱ በሱቄ በረንዳ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ለእናቴ ወስጄ ሰጠኋት። ሁለት ወር አብረዋት ቆዩ፤ ሁለቱ አሮጊቶች ቀኑን ሙሉ በኦሮምኛ ሲያሙን ይውሉ ነበር። በሰኔ ሲሞቱ ቋጠሮዋን ሰጡኝና 'ለዲሪቤ ስጥልኝ። አሁን ግን እንዳይሆን፤ አሁን ብትሰጣት ለልጆቿ ትቀቅለዋለች። በመጪው የዘር ወራት መሬት ሲርስ ስጣት' አሉኝ። በአላህ ስም እምላለሁ፣ ከዚያ ቋጠሮ አንዲት ፍሬ አልጎደለችም።"

ክረምቱ እንዴት እንዳለፈ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የሚዘራ ስላልነበረን የሚታጨድ አልነበረም። ቅጠልና ሥር በላን። ደበሳ በነሐሴ ሞተ፤ ሲሞት "ዘሩን ስጠይቅሽ እምቢ ማለት ነበረብሽ" አለኝ። ኩምሳ በመስከረም ሞተ። ሰባት ዓመቱ ነበር፤ እሸት መቼ ነው የሚደርሰው እያለ ይጠይቀኝ ነበር።

በሚቀጥለው መጋቢት ነዚፍ ቋጠሮዋን አመጣልኝ። ከቤቱ ኋላ በጥቂቱ መሬት ዘራሁት። ከዚያ ከመጣው ምርጥ ምርጡን ለዘር ሰቀልኩ። ይህ ከራሴ በላይ የምታዩት እርሱ ነው። ዘንድሮ ማሳውን ሁሉ ይበቃል። እንዲያውም የእኔ አይደለም፣ የተጂቱ ነው። ስለዚህ መምሬ ስሟን በጸሎት እንዲያነሡ፣ ነዚፍም መቃብሯን ለልጄ እንዲያሳያት አደራ እላለሁ። እኔ ሁለት ጊዜ እስከ መቱ ሄጄ፣ ሁለት ጊዜም ከመቃብሩ በር ተመልሻለሁ።

ዶሪ ከዚያ ወዲያ ወደ ዳሪሙ ተሻገረ። ኡርጌም ተከተለችው። ለምን እንደ ተከተለችው ዛሬ ይገባኛል። አባቷና ወንድሟ ከሞቱ በኋላ አንድ ቀን አብረን አላለቀስንም፤ እኔ እንደ ልማዴ ዝም አልኩ። እርሱ ግን "በጰራቅሊጦስ ታገኛቸዋለሽ" አላት። እኔ ዝምታ ሰጠኋት፣ እርሱ ቀን ሰጣት። ጰራቅሊጦስም የተባለው የዘንድሮው፣ የፊታችን ሰኔ ነው። እዚያም ዘንድሮ የሚዘራ የለም።

ስለዚህ ዘሩን ለጎረቤቴ ለሻሽቱ ሰጥቻለሁ፤ እርስዋ ትዝራው

እዚህ ላይ ኡርጌ ብዕሩን አስቀመጠች።

"ሃርሜ፣ እናቴ፣ ይህን አልጽፍም።"

"ለምን?"

"ለሻሽቱ የምትሰጪው እኔ እንዳልወስደው ነው።"

"ብትወስጂው ምን ታደርጊዋለሽ?"

"መምህሩ አምጪው ብሎኛል። የዚያች እፍኝ ልጅ ስለ ሆነ ተቀቅሎ ማለቅ አለበት። ያቺ እፍኝ ባትኖር ጌታ ያን ቀን ይመጣ ነበር። አባባም አይሞትም፤ ኩምሳም አይሞትም ነበር።"

ሻሽቱ "እንግዲህ ጌታ በአሮጊት መቀነት ታስሮ ቀረ በይኛ!" አለች። መምሬ "ሻሽቱ፣ ተዪ፤ ልጅቷ ወንድሟን ነው የምትፈልገው" ብለው ገሠጿት።

እኔም "ልጄ፣ መቃብር ያልያዘውን ጌታ እፍኝ በቆሎ ይይዘዋል?" አልኳት።

እርስዋም "ይህን ታውቂ ከነበረ፣ ወረቀቱም ካለሽ፣ ያን ቀን ለምን አልተናገርሽም?" አለችኝ።

ይህ ጥያቄ እንዳለ ይጻፍ።

አሁን ግን አሳቤን ለውጫለሁ፤ ለሻሽቱ የሚለው ይሰረዝ። የቆጡ ዘር ለልጄ ለኡርጌ ነው። ግዴታ የለበትም፣ ጠባቂ የለበትም። ከሴት ወደ ሴት የሚተላለፍ ነገር ነውና ተራዋ ነው። ሻሽቱ "አንቺ ሴት፣ በዶሪ ጉሮሮ ውስጥ እየጨመርሽው ነው!" ብላለች። ሊሆን ይችላል። ብትቀቅለውም ማንም አይክሰሳት። እኔ የበደልኩት ዘሩን በማውረዴ ብቻ አይደለም፤ የማውቀውን ውጬ በማውረዴ ነው። ዛሬ የማውቀውን ተናግሬአለሁ፤ መሰላሉን ግን ሰው በየራሱ ይወጣዋል እንጂ ስለ ሌላው አይወጣም።

አምስተኛ፤ ቤቱ፣ ማሳው፣ ከኋላ ያሉት የቡና ዛፎች፣ ሁለቱም ቀፎዎች ለኡርጌ ናቸው።

ኡርጌ፣ ምክሬ አጭር ነው። ጌታ ይመጣል። ይህን በአንድም ቀን አልተጠራጠርኩም፤ ያን እሑድ እንኳ፣ በዝናቡ ውስጥ። የዶሪ ቀን ሐሰት ስለ ሆነ የጌታ መምጣት ሐሰት ነው የሚልሽ ቢመጣ እርሱንም አትስሚው፤ በመቱ እንዲህ የሚሉ በዝተዋል። ቀን ቆርጦ የሚነግርሽን ግን ከሰማይ የሰማ አድርገሽ አትቁጠሪው። አንድ መምህር ሲመጣ ድምፁን አትመልከቺ፤ እርሱ ከሄደ በኋላ ሰው ምን እንደሚበላ ተመልከቺ። የሚያስታርቅሽ ነው ወይስ በአሮጊት ላይ ጭቃ የሚያስወረውርሽ? እኔ ጌታን ለመቀበል ነጭ ለብሼ ወጣሁ፤ እጄ ግን በጎረቤቴ ቦይ፣ ፊቴም ከአማቴ ዞሮ ነበር። ያን ቀን መጥቶ ቢሆን ምን እለው እንደ ነበር አላውቅም። ነገ ከነገ ወዲያ በፊቱ እቆማለሁና አሁንም እያሰብኩበት ነው።

ይህን ቃል ሳልገደድ ተናግሬአለሁ። መምሬ ከላይ እስከ ታች አንብበውልኝ የእኔ ቃል መሆኑን አረጋግጫለሁ። እጄን ሻሽቱ ደግፋልኝ ስሜን ራሴ ጽፌአለሁ።

ዲሪቤ አራርሳ

በዚህ የነበርን፦
መምሬ ጅራታ፣ በመስቀላቸው አትመዋል።
ሻሽቱ፣ በአውራ ጣቷ ፈርማለች፤ ልጅቷን በደህና ለመያዝም ቃል ገብታለች።
ነዚፍ አባስ፣ በዓረብ ፊደል ፈርሟል።

ጸሐፊዋ እኔ ኡርጌ ደበሳ፣ ከዚህ በላይ ያለው የእናቴ ቃል እንጂ የእኔ አለመሆኑን አስታውቃለሁ። ከዚህ በታች ያለው የእኔ ነው።

እናቴ ሐሙስ መጋቢት ፲፱ ቀን ዐረፈች። ዓርብ ባዘዘችው ቦታ ቀበርናት። ቅዳሜ መቱ ሄጄ ነዚፍ የአያቴን መቃብር አሳየኝ። እሑድ ደብረ ዘይት ነበርና መምሬ ስለ ጌታ ዳግም መምጣት ሲያስተምሩ ቆሜ ሰማሁ፤ ቀን አልነገሩንም። መምህር ዶሪ ሐሰተኛ ነው ብዬ ለመጻፍ እጄ ገና አልታዘዘልኝም። ሁለት ሰዎች ልኮ "ዘሩን ይዘሽ ነይ" ብሎኛል።

ሰኞ መጋቢት ፳፫ ቀን ዝናቡ ሲያባራ መሰላሉን አቁሜ ዘሩን አወረድኩ። እኔና ሻሽቱ እስከ ማታ ዘራነው። ዝንጀሮ እየቆፈረ እንዳያወጣው ከማሳው ጥግ ማማ ሠርቼ ከዚያ ላይ እየጠበቅሁ ነው፤ ይህንንም የምጽፈው እዚያው ሆኜ ነው። ጌታ በጰራቅሊጦስ ቢመጣ ወደ ኮረብታው አልወጣም። እዚህ ይፈልገኝ።